ዛፉ ከእኛ፣ ወንበሩ ከባሕር ማዶ

ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ተመርቀን ስንወጣ ሥራ የሚሰጠን ማን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አጠያየቁ ግን ከመነሻው የተጣመመ ይመስለናል። ሥራን ከላይ እንደሚታደል ድርጎ ስለ ቆጠርነው፣ በዓይናችን ፊት የሚሠራውን ሥራ «ሥራ» ብለን ለመጥራት አፋችን አይደፍርም። ይህንን አሳባችንን በደፈናው ከመናገር ይልቅ አንድ ቦታና አንድ ሙያ ይዘን ብናስረዳ ይሻላል። ቦታው የአዊ ዞን ነው፤ በተለይም እንጅባራና ዳንግላ። ሙያው በደንበኛ ትእዛዝ፣ በእጅ የሚሠራ የእንጨት ዕቃ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ በእንጅባራና በዳንግላ ያልፋል። ለዕረፍት በዚህ መንገድ የተመላለሰ ተማሪ ሁሉ የሚያየውን እኛም አይተናል። በእንጅባራ መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር፣ አልጋና መደርደሪያ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ራቅ ሲሉ በማዳበሪያ የታሰረ ከሰል ተቆልሎ የጭነት መኪና ይጠብቃል። ግራና ቀኝ ያለው ኮረብታ ዛፍ የለበሰ ነው። በከተማው የዕቃ መደብር ውስጥ ደግሞ የመጋዝ ብናኝ በኮላ ተጣብቆ የተሠራ፣ በላዩም የእንጨት ሥዕል የተለጠፈበት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ጠረጴዛ ተሰይሟል። እንግዲህ ዛፍ በሞላበት አገር የዛፍ ሥዕል ይሸጣል ማለት ነው። ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም አያስቅም፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በዚህ ሥዕል ሥር ተቀብሯልና።

የአዊ ገበሬ ዛፍ መትከል የሚያውቅ ገበሬ ነው። በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የሚባለው የአውስትራሊያ ግራር ከገባ ወዲህ የተሠራው ሥራ በአገራችን ብዙ ጊዜ የማይታይ ነው። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ላይ ያለማል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፤ በሚቀጥሉት ዓመታት በዛፉ ሥር የሚበቅለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ ከዚያም መሬቱን አርሶ እንደገና ይጀምራል። ዛፉ በሥሩ ናይትሮጂን ለአፈሩ ስለሚመልስ የደከመው ማሳ ያገግማል። ይህን ዘዴ መንግሥት በግድ አላስያዘውም፤ ገበሬው ጥቅሙን አይቶ ከጎረቤቱ ተምሮ አስፋፋው።

ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ ድካም መጨረሻው ከሰል ነው። አምስት ዓመት የለፉበት ዛፍ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ምድጃ ውስጥ በአንድ ቀን አመድ ይሆናል። ከዚህም በላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲከረንሱን የዋግ በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ አድርቋል። አንድ ዛፍ ብቻ ተክሎ አንድ ነገር ብቻ የሚሸጥ አገር ዛፉ ሲታመም አብሮ እንደሚታመም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ከሞገቱባቸው ነገሮች አንዱ ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ በልውውጡ ተጎጂ መሆኑን ነው። መጽሐፉ ከታተመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። በየክፍሉ እየጠቀስናቸው ፈተና እናልፋለን፤ ከፈተናው ስንወጣ ግን የተቀመጥንበት ወንበር ከየት እንደ መጣ አንጠይቅም።

አሁን ወደ አናጢው እንመለስ። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ በትእዛዝ የሚሠራ አናጢ ማለት ብዙውን ጊዜ አንድ ባለሙያ፣ አንድ ወይም ሁለት ተለማማጅ፣ ሞርሳ የታሰረበት አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሮና መዶሻ፣ ዐቅም ከኖረም አንድ የኤሌክትሪክ መቁረጫ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ለልጄ ሠርግ ቁምሳጥን»፣ «ለቤቴ ስድስት ወንበርና ጠረጴዛ»፣ «ለቡናዬ ረከቦት» ይላል። አናጢው የቤቱን ስፋት ይለካል፣ በወረቀት ላይ ይነድፋል፣ ቀብድ ይቀበላል፣ ጣውላ ይገዛል። ፋብሪካ ሊሠራው የማይችለው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካ ቤትህን መጥቶ አይለካም፤ በሩ ጠባብ፣ ወለሉ ዘመም ያለ መሆኑን አያውቅም፤ የተሰበረውንም እግር ከአሥር ዓመት በኋላ አይቀጥልልህም። አናጢው ግን ጎረቤትህ ነው፤ ወንበሩ ቢላላ ተመልሰህ የምትከሰው እርሱን ነው።

ሙያው ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ ፈረስ ባለበት ኮርቻ አለ፤ በኮርቻውም ውስጥ እንጨት አለ። ሞፈርና ቀንበር፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ገበታና በርጩማ፣ የጠፍር አልጋና የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሁሉ የሠሪ እጅ ይፈልጋሉ። ከዋንዛ የተቦረቦረ ከበሮ ስንት ትውልድ እንደሚያስቀድስ የማያውቅ የለም። አባቶቻችን የትኛው እንጨት ለምን እንደሚሆን ያውቁ ነበር። ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ መልኩም የሚያምር ነው፤ ወይራ ጠንካራ ነው፣ ለመሣሪያ እጀታ ይሆናል፤ ጽድ መዓዛ አለው፣ ምስጥም በቀላሉ አይደፍረውም። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በተለማማጁ ጆሮና እጅ ውስጥ ነው የኖረው። ተለማማጁ ሙያውን ትቶ ወደ ከተማ ከኮበለለ ዕውቀቱ አብሮ ይኮበልላል።

የሙያው ችግር ምንድን ነው? ብዙ ሰው ሲጠየቅ «አናጢ ቀጠሮ አያከብርም» ብሎ ይመልሳል። «ነገ ና» የአናጢ ስም ሆኗል። እኛ ግን ይህ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን የገንዘብ እጥረት ነው እንላለን፤ ምክንያቱንም እናስረዳ። አናጢው መሥሪያ ገንዘብ ስለሌለው ከመጀመሪያው ደንበኛ የተቀበለውን ቀብድ ጣውላ ይገዛበታል። ገንዘቡ ከግማሽ መንገድ ያልቃል። በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ደንበኛ ይመጣል፤ የርሱ ቀብድ የመጀመሪያውን ሥራ ማስጨረሻ ይሆናል። የሁለተኛውን ለመጀመር ሦስተኛ ደንበኛ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የዘገየ ዕለት ሁለተኛው ይጮኻል፤ አናጢውም «ነገ ና» ይላል። እንግዲህ ውሸቱን የወለደው የመሥሪያ ገንዘብ ማጣት ነው።

ሁለተኛው ችግር ሒሳብ ነው። ለአስረጅ ያህል አንድ የጽሕፈት ጠረጴዛ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹን ለማስረዳት የወሰድናቸው ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ጣውላው 6,000 ብር፣ ኮላው፣ የብርጭቆ ወረቀቱ፣ ቫርኒሹ፣ ማጠፊያውና ቁልፉ 1,500 ብር ሆነ እንበል። አናጢው ጠረጴዛውን በ9,500 ብር ይሸጥና «2,000 ብር አተረፍሁ» ይላል። ነገር ግን እርሱና ተለማማጁ ስድስት ቀን ሠርተዋል። የርሱን ቀን በ500፣ የተለማማጁን በ200 ብር ብንተምን ድካማቸው 4,200 ብር ነው። የቤት ኪራይ፣ መብራትና የመሣሪያ ማለቅ በቀን 150 ብር ቢታሰብ 900 ብር ይሆናል። ስለዚህ ጠረጴዛው በእውነት የፈጀው 12,600 ብር ነው፤ አናጢው 3,100 ብር ከስሯል። «አተረፍሁ» ካለው 2,000 ብር ላይ 900ውን ስንቀንስ ለሁለት ሰው የስድስት ቀን ድካም የቀረው 1,100 ብር ነው፤ ይህም ለአንድ ሰው በቀን ከ100 ብር በታች መሆኑ ነው። አናጢው ጠረጴዛ የሸጠ መስሎት ዕድሜውን በርካሽ ሸጠ። በየከተማው ሥራ ሞልቶለት ሳለ መዝጊያውን የሚዘጋ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ጉድጓድ ነው። ከእኛ መካከል የሒሳብ አያያዝና የምጣኔ ሀብት ተማሪ ምን ያህል ነው? ይህን የአንድ ገጽ ሒሳብ ለአንድ አናጢ ያስረዳስ ስንት ነው?

ሦስተኛው ችግር የእንጨቱ እርጥበት ነው። ገና የተቆረጠ እንጨት በውስጡ የያዘው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ግማሽና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ለቤት ዕቃ የሚሆን እንጨት ግን ወደ 12 ከመቶ ገደማ ሊደርቅ ይገባዋል። እርጥብ ጣውላ ተላግጦ ሲጋጠም ያምራል፤ ደንበኛው ቤት ገብቶ ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ደንበኛው «የአገር ዕቃ አይረባም» ብሎ የባሕር ማዶውን ይገዛል። ነገሩ የአገር ዕቃ አለመርባት አይደለም፤ የአገር ዕቃ አለመድረቅ ነው። ጣውላን በጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ቀጫጭን ሞራሌ እየገቡበት ነፋስ እንዲያልፈው አድርጎ መደርደር፣ የጣውላውንም ጫፍ ቀለም መቀባት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጊዜ ነው፤ አንድ ኢንች ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ የተለመደ ልክ ነው። በዛሬ ቀብድ የዛሬን ጣውላ የሚገዛ ሰው አንድ ዓመት ሊጠብቅ አይችልም። እነሆ፣ ሦስተኛው ችግር ወደ መጀመሪያው ተመለሰ።

ቀርከሃውም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ሁለት ዓይነት አገር በቀል ቀርከሃ አላት፤ አንዱ የደጋ፣ ሌላው የቆላ። እንጅባራ የምትታወቀው በደጋው ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ቀርከሃ ለጋ ነው፤ በክረምት የተቆረጠውም ነቀዝ የሚወደው ስታርችና እርጥበት ስለሚበዛበት ቶሎ ይበላል። የበሰለውን መርጦ በበጋ መቁረጥና በቦራክስና በቦሪክ አሲድ በተበጠበጠ ውሃ ውስጥ መንከር ዕድሜውን በብዙ ያራዝመዋል። ይህን ማንኛውም የኬሚስትሪ ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያሳይ ይችላል። ዛሬ በመንገድ ዳር በርካሽ የሚሸጠው ወንበር ዋጋው የወረደው ገዢው ነቀዙን አስቀድሞ ስለሚቆጥር ነው።

በእነዚህ ላይ ደግሞ ከአናጢው እጅ ውጪ የሆኑ ነገሮች አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ይህ ለአናጢው ሁለት ፊት አለው። የባሕር ማዶው ጠረጴዛ ስለ ተወደደ የአገሩ ሰው ፊቱን ወደ እርሱ ሊያዞር ይችላል፤ ግን ማጠፊያው፣ ቁልፉ፣ ቫርኒሹና ማሽኑ የሚመጡትም ከባሕር ማዶ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር መቁረጫው ይቆማል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በክልሉ የደረሰው ግጭት መንገዱን ደጋግሞ ዘግቶታል። መንገድ ሲዘጋ ዕቃ አይሄድም፣ ገዢ አይመጣም፣ ባለ ትእዛዙም ሠርጉን ያስተላልፋል። ሰላም ለአናጢ እንደ ጣውላ ሁሉ የሥራው ዕቃ ነው።

ከጓደኞቻችን ጋር ስንከራከር ሦስት ተቃውሞዎች ይቀርቡልናል። ለእያንዳንዱ መልስ መስጠት ግዴታችን ነው።

አንደኛው «በፋብሪካ ዘመን የእጅ ሥራ ኋላ ቀርነት ነው» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር የተማረ ቢመስልም አልተማረም። በኢንዶኔዢያ በጃቫ ደሴት ጄፓራ የምትባል ከተማ አለች። የእንጨት ቀረጻዋና የቤት ዕቃዋ ወደ ውጭ አገር የሚሸጠው ከብዙ አነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ወጥቶ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1904 የኖረችው ካርቲኒ፣ ዛሬ አገሯ እንደ ጀግና የምታከብራት ሴት፣ የትውልድ ከተማዋን የጄፓራን ቀራጮች ሥራ ለውጭ ገዢዎች እያስተዋወቀች ትእዛዝ ታመጣላቸው ነበር። ልብ በሉ፤ መሮ አልጨበጠችም፤ የተማረች ስለ ነበረች ገዢና ሠሪ አገናኘች። በፊንላንድም አልቫር አልቶ እ.ኤ.አ. በ1933 ከአገሩ ተራ የበርች እንጨት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነደፈ፤ በ1935 አርቴክ የሚባለው ኩባንያ ተቋቁሞ ይሸጠው ጀመር፤ እስከ ዛሬም ይሸጣል። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለእኛ ብርቅ ነውን? የጅማን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሚያወጡት የእኛው ሰዎች አይደሉምን? ልዩነቱ የእነርሱ ሠሪ ከጎኑ ንድፍ የሚያወጣ፣ ሒሳብ የሚይዝና ገዢ የሚፈልግ የተማረ ሰው ማግኘቱ ነው።

ሁለተኛው «የእንጨት ዕቃ በበዛ ቁጥር ደን ያልቃል» የሚለው ነው። ይህ በቀላሉ የሚጣል ተቃውሞ አይደለም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጽድ ስለ ተመናመኑ ነው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 እነዚህን ዛፎች ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን የከለከለው። አዋጁ በኋላ በሌሎች ተተክቷል፤ ምክንያቱ ግን አልተተካም። ስለዚህ የምንለው «የቀረውን ዋንዛ ቁረጡ» አይደለም። የምንለው ይህ ነው፦ የአንድ ጥሩ ወንበር ዕድሜ ከአንድ ትውልድ ሊያልፍ ይችላል፤ የአንድ ከረጢት ከሰል ዕድሜ አንድ ሳምንት ነው። ደን የሚያልቀው ብዙ ስለ ሠራንበት ብቻ አይደለም፤ ርካሽ አድርገን ስላጠፋነውም ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የግለሰብንና የማኅበርን ደን ባለቤትነት ያውቃል። ገበሬው በአጥሩ ዙሪያ ዋንዛና ግራቪሊያ ቢተክል፣ ከማሳውም አንድ ረድፍ ዛፍ ለከሰል ሳይሆን ለጣውላ ቢያቆይ፣ የሚገዛው አናጢ መኖሩን ማወቅ አለበት። ገዢ የሌለው ዛፍ አይጠበቅም። ለልጅ ልጅ ዋንዛ የሚተክል ገበሬ የሚገኘው ዛሬ በጣውላ የሚኖር አናጢ ሲያይ ነው።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ማንም በአደባባይ አይናገረውም፤ ሁሉም ግን በልቡ ይዞታል። ይኸውም «ዲግሪ ይዤ መላጊያ ልጨብጥ?» የሚለው ነው። ባለ እጅን መናቅ በአገራችን የቆየ ደዌ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ የተነገረው ለዚያን ዘመን ሰው ነበር፤ ዛሬ የሚያስፈልገው ግን ለእኛ ሳይሆን አይቀርም። ጠይቡን «ቡዳ» ይሉ የነበሩትን አያቶቻችንን በክፍል ውስጥ እንነቅፋለን። ከዚያም ወጥተን በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚማረውን እኩያችንን «ነጥብ ያልመጣለት» እንለዋለን። ስድቡ ቃሉን ለወጠ እንጂ አልሞተም። ለእኅቶቻችን ደግሞ ይብሳል፤ ሴት ልጅ አናጢ ቤት የምትገባው ዕቃ ልታዝ ብቻ ነው ተብሎ ተወስኗል። መሮ ግን የያዘውን እጅ ጾታ አይጠይቅም።

ደግሞስ የእንጨት ሥራን ከፍተኛ ትምህርት ማድረግ አዲስ ነገር ነውን? እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በባሕር ዳር የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም ከመጀመሪያዎቹ የትምህርት ክፍሎቹ አንዱ የእንጨት ቴክኖሎጂ ነበር። ይህም ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይርቅ ቦታ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት ለትምህርት የበቃ ሙያ ዛሬ እንደምን ለትምህርት የማይበቃ ሆነ?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ነቅፎ መሄድ ቀላል ስለሆነ የሚቻለውን እንናገር።

ለአናጢዎቹ የምንለው አለን። ለየብቻ መቆም ይብቃ። አገሩ ራሱ አስተማሪ አለው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ ሦስት መንግሥት አልፎ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ፈረሰኛው ከሰማንያ ዓመት በላይ ማኅበሩን ጠብቆ ከኖረ፣ አናጢው ለምን አንድ የጋራ ጣውላ ማድረቂያ መጠለያ ሊኖረው አይችልም? አሥር አናጢ ተሰብስቦ በበጋ ጣውላ በጅምላ ቢገዛ፣ በአንድ መጠለያ ቢያደርቅ፣ እያንዳንዱም የደረቀውን እየከፈለ ቢወስድ፣ እርጥበቱም ቀጠሮውም በአንድ ጊዜ መላ ያገኛሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል የተባለው ለዚህ ነው። ትእዛዝም በቃል አይሁን፤ ንድፉ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ዋጋው፣ ቀብዱና የማስረከቢያው ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት።

ለአበዳሪዎችም የምንለው አለን። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ ሌሎች ባንኮችም በከተሞቹ አሉ። ለአናጢ የሚያበድር ሁሉ ቤትና መሬት ብቻ በመያዣነት መጠየቁን ሊተው ይገባዋል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። መቁረጫ ማሽን ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፤ በመጠለያ ውስጥ የሚደርቅ ጣውላም ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። ሕጉ የከፈተውን በር የብድር ሠራተኛው ሊዘጋው አይገባም።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለትምህርት ተቋማት ደግሞ እንዲህ እንላለን። አንድ ተቋም 500 ወንበር በአንድ ጨረታ፣ በአንድ ወር ውስጥ አስረክቡኝ ሲል አናጢውን በሩ ላይ «አትግባ» ማለቱ ነው። ያንኑ ጨረታ በሃያና በሠላሳ ከፋፍሎ፣ ቅድሚያ ክፍያ ሰጥቶ፣ የእርጥበቱን ልክ ለክቶ ቢረከብ አናጢው ይሠራል፤ ጥራቱም ይጠበቃል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በዚያች ከተማ ብቻ ስንት አልጋ፣ ስንት ወንበር፣ ስንት መደርደሪያ አስፈለገ? ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ መከፈቱ በረከት የሚሆነው በዙሪያው ያለው ባለሙያ እንጀራ ሲበላበት ነው።

በመጨረሻ የምንናገረው ለራሳችን ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርደው ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። እኛ አንድ ዓመት አንጠይቅም። የምንጠይቀው የክረምቱን ዕረፍት ጥቂት ሳምንት ነው። የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የአንድ አናጢ የዋጋ ሠንጠረዥ ይሥራ። የኬሚስትሪ ተማሪ የቀርከሃውን መንከሪያ ያሳይ። የምሕንድስና ተማሪ ማድረቂያ መጠለያ ይንደፍ። የሕግ ተማሪ የአንድ ገጽ የትእዛዝ ውል ያዘጋጅ። የቋንቋ ተማሪም አረጋዊው አናጢ ስለ እንጨት የሚያውቀውን ከአፉ ተቀብሎ በአገውኛም በአማርኛም ይጻፍ። በምላሹም መላጊያ መያዝ እንማር፤ ሰጥተን ብቻ የምንመለስ አይምሰለን።

ስለዚህ ኅብረታችን በሚቀጥለው ስብሰባው በሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከአዊና ከሌላም ቦታ የመጡ ፈቃደኛ ተማሪዎች ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት መዝገብ እንዲከፈት፤ ሁለተኛ፣ የኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ከእንግዲህ ለሚያስፈልገው ወንበርና መደርደሪያ ሁሉ በአገር ባለሙያ እንዲያሠራ፣ ዋጋውንም ከነሠሪው ድካም ቆጥሮ እንዲከፍል፤ ሦስተኛ፣ ይኸው አሳብ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር በጽሑፍ እንዲቀርብ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ከዚህ በታች መጀመር አይቻልም። ይህንንም ካላደረግን፣ በብናኝ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስለ አገር ዕድገት የምናደርገውን ክርክር ሰሚ ቢያጣ ሊደንቀን አይገባም።